422 ችካል፦ ፍለሪ የምትባለውን መንደር በእንጨት ስንሠራ የያዝኩት ማስታወሻ

ሳምንት 1፣ ቅዳሜ

ልጄ ከትምህርት ቤት የቤት ሥራ ይዛ መጣች። አንዲት ትንሽ የገጠር ኮሙን መርጣ ታሪኳንና የነዋሪዎቿን ቁጥር ለክፍሏ ማቅረብ አለባት። የሚቀርበው ከኖቬምበር 11 በፊት ባለው ሐሙስ ነው። ሰባት ሳምንት አለን። (እዚህ ማስታወሻ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ኮሙን የፈረንሳይ ትንሿ የአስተዳደር እርከን ናት። የራሷ ከንቲባ አላት። በአገሪቱ ወደ 35 ሺህ ገደማ አሉ፤ ብዙዎቹ ከአንድ የእኛ አገር ቀበሌ ያነሰ ሰው ነው ያላቸው። ኢንሴ የሚባለው የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት የእያንዳንዷን የነዋሪ ቁጥር በየዓመቱ ያወጣል። ፋይሉን አወረድነው። ሲኤስቪ የሚባለው፣ በተራ ጽሑፍ የተቀመጠ ሠንጠረዥ ነው። ዓምዶቹን የሚለየው ሴሚኮለን ስለሆነ የእኔ ኤክሴል ሁሉንም አንድ ዓምድ ውስጥ ጠቅጥቆ ከፈተው። መለያውን ስቀይር ተስተካከለ። ከዚያ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደረደርኩት።

ከላይ ያሉት ስድስት መስመሮች 0 ይላሉ።

"አባዬ፣ እነዚህን መቁጠር ረስተው ነው?"

እኔም ያሰብኩት እሱኑ ነው። ፋይሉን በተራ የጽሑፍ ማንበቢያ ደግሜ ከፈትኩት። ሴሉ ባዶ አይደለም። 0 ተብሎ ተጽፏል። ስድስቱም መዝ በሚባለው ዲፓርትመንት (ብዙ ኮሙኖችን የያዘ የአስተዳደር ክፍል) ውስጥ፣ ቬርደን ከተማ ዙሪያ ናቸው። እኛ ከምንኖርበት ከሜስ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ልጄ ከስድስቱ ፍለሪ-ደቫን-ዱኦሞን የምትባለውን መረጠች። የኮሙን ኮዷ 55189። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት፣ በ1913፣ 422 ሰው ይኖርባት ነበር።

422 እና 0። በእጃችን ያሉት ሁለት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። ወረቀት ላይ ብቻ ማስቀመጥ አልፈለግንም። አናጢነት ከወጣትነቴ ጀምሮ የምወደው ሥራ ነው፤ ጋራዡ ውስጥ ድሪልም መጋዝም አለ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሚስማር ጣውላ ላይ እንምታ አልኩ።

ሳምንት 1፣ እሁድ

አደራደሩን ስናስብ ዋልን። አራት ማዕዘን ብናደርገውስ? 20 በ21 ሲባዛ 420 ነው። ሁለት ይተርፋል። ሁለቱን ለብቻ መትከል አይሆንም፤ የሚያይ ሰው ለምን እነዚህ ተለዩ ብሎ ይጠይቃል። ልጄ ካልኩሌተር ይዛ ለየትኛው ቁጥር እንደሚካፈል ፈለገች። 422 የሚካፈለው ለ2 እና ለ211 ብቻ ነው። 211 ደግሞ ከዚያ በላይ አይከፈልም።

ስለዚህ ያለን አማራጭ ሁለት ረድፍ፣ በእያንዳንዱ 211 ነው። ትንሽ ቆይቼ ነው ነገሩ የገባኝ። የሎሬን፣ ማለትም የዚህ አካባቢ፣ መንደሮች እኮ አሠራራቸው እንዲሁ ነው። አንድ ረጅም መንገድ፣ ግራና ቀኝ ተያይዘው የቆሙ ቤቶች። ቁጥሩ ራሱ መንገድ ሆኖ መጣ። በ1 ሴንቲ ሜትር ርቀት ቢተከሉ 2 ሜትር ከ10 ይሆናል።

ሳምንት 2

2 ሜትር ከ40 የሆነ የጥድ ጣውላ በ14 ዩሮ ገዛሁ። ሚስማር 6 ዩሮ። የመጀመሪያዎቹን 30 ሚስማሮች ስመታ ሁሉም ደህና ነበር። 34ኛው ላይ ጣውላው ከጫፉ ጀምሮ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ እንደ ዚፕ ሄዶ ስምንት ሚስማር አላላ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሚስማሮቹን ሁሉ በአንድ ቀጥታ መስመር፣ የእንጨቱን የውስጥ ጭረት ተከትዬ ነው የመታሁት። ጥድ እንዲህ ሲመታ እንደሚሰነጠቅ ማንም አናጢ ያውቃል። የሚስማሩን ጫፍ በመዶሻ አዶለዶምኩት፤ ጫፉ የዶለዶመ ሚስማር እንጨቱን እየቆረጠ ስለሚገባ ያን ያህል አይከፍለውም። ትንሽ ረዳ። ቀጥሎ በ1.5 ሚሊ ሜትር ፑንታ እየበሳሁ ሞከርኩ። ሁለት ፑንታ ተሰበረ። 60 ላይ ስደርስ ጣውላው በሌላ በኩል ተሰነጠቀ። እዚያው ተውኩት።

ማታ ልጄ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። "ታዲያ ዜሮውን በምን እናሳየዋለን?" መልስ አልነበረኝም። ሚስማሮቹን ልንነቅላቸው ነው ወይ አለች። ሚስማር በፒንሳ ሲነቀል እንጨቱን ይቦጭቃል፤ ለልጅ ደግሞ ከባድ ነው። ግን ሐሳቡ ጥሩ ነው። የሚነቀል ነገር ያስፈልገናል። ማለትም ችካል።

አሁን ዕቅዱ ይህ ነው፦ በጥድ ፋንታ ኮምፔንሳቶ፣ በሚስማር ፋንታ የቀርከሃ ችካል። ኮምፔንሳቶ ሽፋኖቹ አንዱ በሌላው ላይ በመስቀለኛ የተጣበቁ ስለሆነ በቀላሉ አይሰነጠቅም። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የበርች ኮምፔንሳቶ ሱቁ ውስጥ በሁለት አስቆረጥኩ፤ እያንዳንዱ 110 በ20 ሴንቲ ሜትር። 32 ዩሮ። መሃሉ ላይ ማጠፊያ ይገባለታል፤ 4 ዩሮ። ታጥፎ መኪና ውስጥ መግባት አለበት።

ለችካሉ የጥብስ መሰኪያ ስንጥር ገዛን። 100 ፍሬ በ2 ዩሮ ተኩል። ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አንዱ አምስት ችካል ይወጣዋል።

ሳምንት 3፣ ፍለሪ ሄድን

በጠዋት ወጣን። ካፊያ ነበር። ነዳጅና የመንገድ ክፍያ 25 ዩሮ።

መኪና ማቆሚያው የቬርደን መታሰቢያ ሙዚየም ጋ ነው። ሙዚየሙ በ1967 የተከፈተው የፍለሪ ባቡር ጣቢያ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። እኔ ድሬዳዋ ነው ያደግኩት፤ አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። የእኛ "ለገሃር" የመጣው ከዚሁ ከፈረንሳይኛው "ላ ጋር" ነው። ልጄን "ለገሃራቸው እዚህ ነበር" አልኳት። ዞር ብላ ፈለገች። ሐዲድ የለም።

ከዚያ በእግር ወደ መንደሩ ገባን። መንደር የሚባል ነገር አይታይም። ጫካ ነው። መሬቱ ግን ሜዳ አይደለም። ጉድጓድ፣ ጉብታ፣ ጉድጓድ፣ ጉብታ። ሣርና ሙስ ለብሶ አረንጓዴ ሆኗል፤ የፈላ ገንፎ እዚያው በፈላበት የደረቀ ይመስላል። አንድ እንኳ ቀጥ ያለ መሬት የለም። መቶ ዓመት ዝናብ ወርዶበት እንኳ የመድፉ ጉድጓዶች አልሞሉም።

በመሃል መንገድ አለ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ትንንሽ ምልክቶች ተተክለዋል፤ ምን እንደነበረ ይናገራሉ። እዚህ ዳቦ ጋጋሪ። እዚህ ገበሬ። እዚህ ትምህርት ቤትና ማዘጋጃ ቤት። ልጄ ዳቦ ጋጋሪው ጋ ቆመች። ከምልክቱ ኋላ ያለው በውሃ የተሞላ ጉድጓድ ነው። ውሃው ላይ ቅጠል ተንሳፏል። ብዙ ቆመች። "ሰዎቹ ግን ሞተው ነው?" አለችኝ።

ይህን በደንብ አነበብን፤ ማቅረቢያዋ ላይ ዋናው ነገር ስለሆነ እዚህ እጽፈዋለሁ። ነዋሪዎቹ አብረው አልሞቱም። ጀርመኖች ቬርደንን መደብደብ የጀመሩት ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1916 ነው። የፍለሪ ሰዎች በዚያው ቀን ቤታቸውን ለቀው እንዲወጡ ተደረገ። የሚመለሱ መስሏቸው ነበር የወጡት። የቬርደን ውጊያ እስከ ዲሴምበር 18 ቆየ፤ ወደ 300 ቀን። መንደሯ ተራራው ጫፍ አካባቢ ስለነበረች ሁለቱም ወገን ፈለጋት። ጀርመኖች ጁን 23 ቀን በጋዝ ታግዘው ያዟት። ከዚያ እስከ ኦገስት 18 ድረስ 16 ጊዜ እጅ ለእጅ ተቀያየረች። በመጨረሻ ፈረንሳዮቹ ሲይዟት የሚያዝ ቤት አልነበረም።

ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት መሬቱን አይቶ "ቀይ ዞን" ብሎ አጠረው። ያልፈነዳ ጥይት፣ መርዝ፣ ያልተቀበረ አስከሬን። ጠርጎ ለእርሻ መመለስ ከመሬቱ ዋጋ በላይ ነበር። ስለዚህ ተገዛና ዛፍ ተተከለበት። ቬርደን ዙሪያ ዘጠኝ መንደሮች እንዲህ ጠፍተዋል። "ስለ ፈረንሳይ የሞተ መንደር" የሚል ማዕረግ ተሰጣቸው፤ ለወታደር የሚሰጠው ማዕረግ ነው። ቮ የሚባለው አጠገቡ ላይ ዳግም ተሠራ። ኦርን ላይ ጥቂት ሰዎች አሉ። ስድስቱ ዜሮ ሆነው ቀሩ።

እኔ አፈር ልወስድ ፕላስቲክ ከረጢት ይዤ ነበር። ጣውላው ሥር በሳህን ላደርገው አስቤ። መቆፈርም መውሰድም ክልክል እንደሆነ ምልክቱ ላይ ተጽፏል። ትክክልም ነው። በ2013 እዚሁ ፍለሪ ውስጥ የ26 ፈረንሳዊ ወታደሮች አጽም ተገኝቷል። ከረጢቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። የአፈሩ ነገር ከዕቅዱ ወጣ።

የድሮው ቤተ ክርስቲያን በነበረበት ቦታ በ1979 የተሠራ ትንሽ ጸሎት ቤት አለ። ዝናቡ ሲበረታ እዚያ ተጠለልን። ልጄ ደብተሯን አውጥታ የመንደሩን መንገድ በእርምጃ ለክታ የጻፈችውን ቁጥር አስተካከለች።

ስንመለስ ዱኦሞን ምሽግ ጋ ቆምን። ይህን ለራሴ ነው የፈለግኩት። ኦክቶበር 24 ቀን 1916 ምሽጉን መልሶ የያዘው የሞሮኮ ቅኝ ግዛት እግረኛ ክፍለ ጦር ውስጥ ሁለት ሻምበል ጦር የሶማሌ ወታደሮች ነበሩ። ከጅቡቲ ጠረፍ የተመለመሉ ሰዎች ናቸው። ከድሬዳዋ በባቡር አንድ ቀን የማይሞላ መንገድ። እኔ ይህን ልጅ ሆኜ ሰምቼ አላውቅም። ልጄ ማቅረቢያዋ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር እንድትጨምርበት ነገርኳት። "አንድ ብቻ?" አለችኝ። ሁለት እንዲሆን ተስማማን።

ሳምንት 4፣ መብሳት

3 ሚሊ ሜትር ፑንታ፣ ጥቅሉ 9 ዩሮ። ጥልቀቱ 8 ሚሊ ሜትር እንዳያልፍ ፑንታው ላይ ፕላስተር ጠቀለልኩ። ፕላስተሩ እንጨቱን ሲነካ ታቆማለህ። ቀላልና አስተማማኝ ነው።

ስህተቱ የመጣው ከልኬቱ ነው። አንዱን ቀዳዳ ምልክት አድርጌ ከእሱ 1 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያኛው ደግሞ 1 ሴንቲ ሜትር እያልኩ ሄድኩ። የመጀመሪያው ጣውላ ላይ በአንድ ረድፍ 106 ቀዳዳ መግባት አለበት፤ 105 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ስጨርስ 106ኛው ከጣውላው ውጭ ነው። በአንዱ ቀዳዳ ላይ የተሳሳትኩት ከፀጉር አይበልጥም። መቶ ጊዜ ሲደመር ግን አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ሆነ። እኔ ደግሞ ምልክቱን ሳልጨርስ እየበሳሁ ነበር የሄድኩት።

ገልብጬ በሌላው ፊት ልሥራ አልኩ። አይሆንም። ውፍረቱ 12 ነው፤ ከሁለቱም በኩል 8 ከተበሳ ቀዳዳዎቹ ይገናኛሉ። ሌላ ጣውላ፣ 16 ዩሮ።

በሁለተኛው ሜትሩን ራሱን ጣውላው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በፕላስተር አጣበቅኩት። እያንዳንዱ ምልክት ከዜሮ ጀምሮ ተለካ፤ ከጎረቤቱ አይደለም። ልጄ ቁጥሩን ትጠራለች፣ እኔ በሹል ሚስማር እነካለሁ። ሁሉም ምልክት ካለቀ በኋላ ነው ድሪል ያነሳሁት። 106 እና 105፣ በሁለት ረድፍ። ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። ማጠፊያው ጋ ያሉት ቀዳዳዎች ከጫፍ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚርቁ ከሥር ሌላ እንጨት ደግፌ ቀስ ብዬ በሳኋቸው። ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ ቤት የነበረ ቫርኒሽ።

ስንጥሩን በቢላ ስንቆርጠው ጫፉ ይፈለጣል። የአትክልት መቀስ ይሻላል፤ አንድ ጊዜ ቀጭ ሲል ያልቃል። የተፈለጡት ብዙ ስለነበሩ ሁለተኛ ጥቅል ገዛን። ልጄ ሁሉንም ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰች። ሦስት ምሽት።

ስንተክላቸው አንዳንዱ ጠበቀ፣ አንዳንዱ ላላ። የቀርከሃ ስንጥር ውፍረቱ እኩል አይደለም። ጣውላው ቀና ሲል የላሉት ይወድቃሉ። ለላሉት ጠብታ ኮላ አደረግኩላቸው። ይህን የጻፍኩት በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ስንቆጥር 419 ሆነ። ደግመን ቆጠርን፤ 419። ቀዳዳው ሞልቶ ነበር ብዬ ነበር፤ ሦስት ባዶ ነው። ጥቅሉ ውስጥ ትርፍ ስላለ ሦስት ልጨምር ብል ልጄ እምቢ አለች። የወደቁትን ፈልጋ፣ ሁለቱን ከሶፋ ሥር፣ አንዱን ከጋራዡ መጥረጊያ አገኘቻቸው። አልተከራከርኳትም።

ሳምንት 5፣ ግራፉ

እንጨቱ ጎን የሚሆን ግራፍ ያስፈልጋል። ቀላል መስሎኝ ነበር። 1913፣ 422። ዘንድሮ፣ 0። ኤክሴል ሁለቱን ነጥብ በቀጥታ መስመር አገናኛቸው። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ረጋ ያለ ቁልቁለት ወጣ።

ግራፉ ውሸት ነው። መስመሩን የሚያይ ሰው ሰዉ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያለ የሄደ ይመስለዋል። ብዙ የፈረንሳይ ገጠር መንደሮች እውነትም እንዲያ ነው የሆኑት፤ ወጣቱ ለፋብሪካና ለከተማ ሥራ እየወጣ፣ ትምህርት ቤቱ እየተዘጋ፣ ቀስ በቀስ። የፍለሪ ግን ቁልቁለት የለውም። ገደል ነው። በአንድ ቀን የሆነ ነው።

ኤክሴል ደረጃ መሰል ግራፍ በቀጥታ አይሠራም። ስለዚህ ነጥብ ጨመርኩ፦ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1916፣ 422፤ ፌብሩዋሪ 21፣ 0። መጀመሪያ ዓመቶቹን እንደ ጽሑፍ ስለወሰዳቸው የሦስት ዓመቱና የመቶ ዓመቱ ርቀት እኩል ሆነ። ነጥቦቹን እንደ ቁጥራቸው ርቀት ወደሚያስቀምጠው ስካተር ግራፍ ስቀይር ጊዜው በትክክል ተዘረጋ። አሁን መስመሩ ትንሽ ይሄድና ቀጥ ብሎ ይወድቃል። ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ወለሉ ላይ ተኝቶ ይሄዳል።

እንደገና ሳየው ሌላ ነገር ከነከነኝ። 422 የ1913 ቁጥር ነው። በኦገስት 1914 ለውትድርና የደረሱት ወንዶች ተጠርተዋል። በ1916 ቤታቸውን ጥለው የወጡት 422 ሊሆኑ አይችሉም። ስለዚህ በ1913ና በ1916 መካከል ያለውን መስመር በነጠብጣብ አደረግኩት። ልጄ ለምን ብላ ስትጠይቀኝ አስረዳኋት። "ማለትም አባቶቹ አልነበሩም" አለች። አዎ።

የመቶኛ ለውጥ የሚል ዓምድም ሠርቼ ነበር። ከ422 ወደ 0፣ 100 በመቶ ቅናሽ። ከዚያ በታች ያሉት ሴሎች ሁሉ የስህተት ምልክት አወጡ። ከዜሮ ወደ ዜሮ ስንት በመቶ ነው? ለዜሮ ማካፈል አይቻልም። ዓምዱን አጠፋሁት።

ለክፍሏ ከባዱ ጥያቄ ሰው የሌለበት ቦታ ለምን ኮሙን ሆኖ ይቆጠራል የሚለው ነው። መልሱ ሕግ ውስጥ አለ። በኦክቶበር 18 ቀን 1919 የወጣ ሕግ እነዚህ መንደሮች እንዳይሰረዙ አደረገ። መራጭ ስለሌለ ምርጫ የለም። የዲፓርትመንቱ አስተዳዳሪ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚሽን ይሾማል፤ ሰብሳቢው የከንቲባን ሥራ ይሠራል። ፍለሪ ዛሬም ከንቲባ አላት። ወሰን አላት፤ ኮድ አላት። ኢንሴም በየዓመቱ 0 ብሎ ያትምላታል።

ኢንሴ ከ10 ሺህ ሰው በታች ያለባቸውን ኮሙኖች በአምስት ዓመት አንዴ ቤት ለቤት ይቆጥራል። ልጄ እዚህም ቆጣሪ ይሄዳል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የሚያንኳኳው በር የለም።

ሳምንት 6፣ የአማርኛው ገጽ

ሐሳቡ የልጄ ነው። ጣውላው በክፍሏ ካለቀ በኋላ እሁድ እሁድ የእኛ ልጆች አማርኛ ወደሚማሩበት ይሄዳል። ስለዚህ ጀርባው ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ይኑረው አለች።

ማተሚያ ቤት ስወስደው ፊደሎቹ በሙሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆነው ታተሙ። የእነሱ ኮምፒውተር ላይ የግዕዝ ፎንት የለም። ኖቶ የሚባለውን ፎንት ጭኜ፣ ፎንቱ ውስጡ ያለበት ፒዲኤፍ አድርጌ መለስኩት። 3 ዩሮ፤ ለሁለተኛው አላስከፈሉኝም።

የከበደኝ ግን አንድ ቃል ነው። መጀመሪያ "የአሁን ነዋሪ፦ ባዶ" ብዬ ጻፍኩ። በእኛ ልጅ ፈተና ላይ "ባዶ አገኘ" እንላለን፤ ዜሮ ማለታችን ነው። ባለቤቴ አነበበችና "ይሄ ሳይሞላ የቀረ ፎርም ነው የሚመስለው" አለች። ልክ ናት። ባዶ ሲባል ማንም ያልጻፈበት ነው። ይህ ግን ተጽፏል። እዚያ ፋይል ውስጥ የመጀመሪያ ቀን ያየሁት ልዩነት ነው፦ ባዶ ሴል ሌላ፣ 0 ያለበት ሴል ሌላ። "ማንም የለም" ብዬ ሞከርኩ፤ እሱም አልሆነም፤ ከአጽሙ ጋር አይሄድም። እዚያ አካባቢ ያለው የዱኦሞን መቃብር ብቻ ከ16 ሺህ በላይ ወታደር ይዟል። አጠገቡ ያለው የአጽም ቤት ደግሞ ስማቸው ያልታወቀ ወደ 130 ሺህ የፈረንሳይና የጀርመን ወታደሮችን።

በመጨረሻ "ነዋሪ፦ 0" ብዬ በቁጥር ብቻ ጻፍኩት። ሥሩ ትንሽ አድርጌ "በየዓመቱ የሚቆጠር" ብዬ ጨመርኩ።

ሳምንት 7፣ ሐሙስ

መምህሯ እኔም እንድገኝ ፈቀዱልኝ። ጣውላውን ሁለት ጠረጴዛ አጋጥመን ዘረጋነው። ክፍሉ ውስጥ 24 ልጆች አሉ።

ልጄ ፈጠን ብላ ነው ያወራችው። ስለ ዳቦ ጋጋሪው፣ ስለ 16ቱ ጊዜ፣ ስለ ከንቲባው። ስለ ጅቡቲ ሰዎች ሁለቱንም ዐረፍተ ነገር ተናገረች። ከዚያ "ፌብሩዋሪ 21" አለችና ልጆቹ ተራ በተራ መጥተው እንዲነቅሉ ጠየቀች። እያንዳንዱ 17 ችካል። 408 ይሆናል። የቀሩትን 14 መምህሯ ይነቅላሉ ብለን ነበር የተነጋገርነው።

የመጀመሪያዎቹ ልጆች እየተሳሳቁ መጡ። ወደ መሃል ሲደርስ ዝም ብለዋል። ችካሉ ሲነቀል ትንሽ ድምፅ አለው። እሱ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ዘጠኝ ችካሎች እምቢ አሉ። በኮላ ያጣበቅኳቸው ናቸው። አንድ ልጅ በጣም ስቦ አንዱን ሰበረው፤ ደነገጠ። መምህሯም ሞከሩ። ልጄ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷን አልረሳውም። "አባዬ፣ ዜሮ አልሆነም።"

አጠገቧ ሄጄ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ኮላ እንዳደረግኩበት ለክፍሉ ተናገርኩ። መምህሯ ልጆቹን ስንት እንደቀረ ጠየቋቸው። ዘጠኝ አሉ። አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና "እነዚህ አንወጣም ያሉት ናቸው" አለች። ሌላው ደግሞ አይ፣ ሁሉም መውጣት ነበረባቸው አላት። ደወል እስኪደወል በዚህ ተከራከሩ። ልጄ በክርክሩ መሃል ፊቷ ተመለሰ።

ሳምንት 7፣ ቅዳሜ

የተሰበረውን ጨምሮ ዘጠኙን በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ አወጣኋቸው። ኮላ የነካው እንጨት ይጠነክራል፤ ፑንታው እንዳይንሸራተት መጀመሪያ መሃላቸውን በሚስማር ነካኋቸው። ሦስት ቀዳዳ ትንሽ ሰፋ። ለእነዚያ ወፈር ያሉ ስንጥሮች መርጠን ለየናቸው። ከእንግዲህ ለላላው ኮላ የለም፤ ውፍረት እየመረጥን ነው የምንተክለው። ሥራውን የሚሞክር ካለ ስንጥሩን ከመቁረጡ በፊት በቀዳዳው እየለካ በሦስት ክምር ይለየው። እኛ ያንን ብናደርግ ኮላውም ባላስፈለገ።

ወጪው በሙሉ ሲደመር 114 ዩሮ ነው። የተሰነጠቀውን ጥድ፣ ሚስማሩንና በልኬት ስህተት የጠፋውን ጣውላ ብናወጣ በ78 ያልቅ ነበር።

ነገ እሁድ ነው። 422ቱን መልሰን መትከል አለብን። ልጄ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ከለገሃሩ በኩል ጀምራለች፤ አሁን 57 ላይ ናት።